ኢሜይሌ ቁሓ ነው ያለው

«አንቺ እንኳን ዩኒቨርሲቲ፣ እዚህ ቅርብ ዓዲ ሓቂ ደርሰሽም በሰዓቱ አትመለሺም» አለችኝ ክርስትና እናቴ ፊት ለፊቴ፣ ዐይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

የጠየቅኳት ትንሽ ነገር ነበር። «እማ ለተብርሃን፣ ዛሬ እስቲ እኔ ራሴ ልየው፣ ኢሜይሌን» ነው ያልኳት። መጀመሪያ ሣቀች፤ ቀጥላ ያንን አለችኝ። እኔም አብሬያት ሣቅኩ። አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ እሷ ማለቷ አይደለም፤ እኔ መሣቄ ነው።

እማ ለተብርሃን እኔ በተማርኩበት የቁሓ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነች። ሰፈራችን ውስጥ ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ ቅጽ የሚያስሞላ፣ የመጣለትን ደብዳቤ የሚያስነብብ ሁሉ ደጇ ነው የሚውለው። እናቴ የኮምቦልቻ ሰው ነች። ሾፌር የነበረው አባቴ አግብቷት ቁሓ አመጣት፤ እሱ ሲሞት ከዘመድ ርቃ ከእኔ ጋር ቀረች። ከዚያ ወዲህ እማ ለተብርሃን ለእሷ እህት ሆነች፣ ለእኔ ሁለተኛ እናት። በሰማንያ ቀኔ ታቅፋ ቤተ ክርስቲያን ያስገባችኝም እሷ ነች።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ዐሥራ ሁለተኛን ገና መጨረሴ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ለምን ፈጀብሽ የሚል ካለ በጦርነቱ ዓመታት መቐለ አልነበረም ማለት ነው። አፌ ስለት ነበር። ለመምህር እመልሳለሁ፣ ከሚኒባስ ሾፌር እጣላለሁ። ወረቀት ሲሰጠኝ ግን ሳላነበው ይዤ ወደ እማ ለተብርሃን እሮጥ ነበር። ካርዴ፣ የልደት ወረቀቴ፣ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ ሳይቀር ቢሮዋ ካቢኔት ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። እናቴ «አደራ» ብላ የሰጠቻት ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ከእሳት ያተረፈችውም እሷ ነች። ይህን አልክድም።

ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙን ተዉት፣ ተማሪ የሚቀበለው በራሱ ፈተና ነበር። የውሃ ምሕንድስና ነበር የፈለግኩት። አጠገባችን ያለው የዓይናለም የውሃ ጉድጓድ ከተማውን ሲያጠጣ የእኛ ቧንቧ በሳምንት አንዴ ሳል አድርጋ ዝም የምትልበትን ምክንያት ማወቅ እፈልግ ነበር። መቐለስ አይማሩትም ወይ? ይማሩታል። እኔ ግን አውሮፕላን በየቀኑ ከራሴ በላይ ሲነሣ እያየሁ ያደግኩ የቁሓ ልጅ ነኝ። መሄድ ነበር የፈለግኩት።

ማመልከቻውን እማ ለተብርሃን ሞላችልኝ። ኢሜይልም ያስፈልጋል ተባለና ከፈተችልኝ። «ማንም የማያውቀው ቃል አምጪ» አለችኝ፣ ለፓስወርዱ። አሰብኩ። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ የክርስትና ስምሽን ለሰው አትንገሪ፣ ይደገምብሻል እያለች ነው ያሳደገችኝ። ጓደኞቼ አያውቁትም። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ ሹክ አልኳት። ፈገግ አለችና ጻፈችው።

ማንም የማያውቀውን ቃል፣ ስሙ ሲወጣልኝ ታቅፋኝ ለቆመችው ሴት ነገርኳት። ልብ አድርጉልኝ፣ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቅኩ ሰው ነኝ።

«እዚህ ውስጥ ነው የሚመጣው። ሲመጣ እነግርሻለሁ» አለችኝ፣ የኮምፒውተሩን ራስ መታ መታ አድርጋ፤ ከዚያ ዳንቴሉን አለበሰችው። እኔም አመንኩ። ኢሜይሌ እዚያ ሣጥን ውስጥ፣ ከዳንቴሉ ሥር ይኖራል ብዬ አመንኩ።

አምስት ሳምንት ሙሉ በየዐርቡ ሄድኩ። «ምንም የለም፣ ጓለይ» ትለኛለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። እናቴ ማታ ማታ «ምን አለች?» ትለኛለች። «ምንም የለም» እላታለሁ። «እግዜር ያውቃል» ትልና ስፌቷን ትቀጥላለች። አንድ እሑድ ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ እሷ ራሷ ናት ለጉዳይሽ ጧፍ እናብራ ያለችው። ጎን ለጎን ቆመን አበራን። ይህችን ጧፍ ያዙልኝ።

እስከዚያው ዓዲ ሓቂ፣ ከመቐለ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በር ፊት ለፊት ጁስ ቤት ተቀጠርኩ። ትዕግሥት የምትባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፣ የሆሳዕና ልጅ፤ በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ አቮካዶ ያለ ስኳር ትጠጣለች። ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው ብዬ ከነገርኳት ጀምሮ እንደ ፈታኝ ትጠይቀኝ ነበር። ምን ምን ትችያለሽ ትለኛለች። ልብስ ማጠብ፣ በትንሽ ውሃ መታጠብ፣ መጣላት እላታለሁ። «መጣላቱ ይጠቅማል» ትላለች። እሷ የመጀመሪያ ዓመት ስትመጣ በትግርኛ «ውሃ» ማለት እንኳ አትችልም ነበር፤ ሁለት ቀን ተጉዛ ብቻዋን ነው የመጣችው። ጥናት አይደለም ያስቸገረኝ፣ ትለኝ ነበር፤ አንድ መስኮት ፊት ቆሞ «ይህ የእኔ ጉዳይ ነው» ማለት ነው።

አንድ ማክሰኞ ነው። ጁሷን ሳስቀምጥላት፣ «ያ ዩኒቨርሲቲሽስ መለሰ?» አለችኝ።

«አልመለሰም። ዐርብ ሄጄ አያለሁ።»

«ዐርብ የት ነው የምትሄጂው?»

«ቁሓ። ኢሜይሌ ቁሓ ነው ያለው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ኢሜይልሽ ቁሓ ነው ያለው?»

«ትምህርት ቤት፣ የክርስትና እናቴ ኮምፒውተር ውስጥ።»

አቮካዶው በአፍንጫዋ ሊወጣ ነበር። ጠረጴዛውን እየደበደበች ሣቀች። «አንቺ ልጅ፣ ኢሜይል እኮ ድስት አይደለም፤ አንድ ቦታ ተጥዶ አይቀርም። ነይ ቁጭ በይ» አለችና ስልኳን ሰጠችኝ። አድራሻሽን ጻፊ አለችኝ፤ ወረቀት ላይ ይዤው ነበር፣ ጻፍኩ። ፓስወርድ ሲል የክርስትና ስሜን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩ። በሁለተኛው ሙከራ ተከፈተ።

ዩኒቨርሲቲው ጽፎ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት።

ትዕግሥት ሣቋን አቆመች። ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ አንዳንዱን በአማርኛ እየመለሰች። ለመግቢያ ፈተና ተመርጠሻል፤ ፈተናው የፊታችን ቅዳሜ ነው፤ የውጤት ካርድሽን ዋናውን ይዘሽ ቅረቢ፤ መምጣትሽን አረጋግጪ። የፊታችን ቅዳሜ ማለት ከአራት ቀን በኋላ ነው።

«ያልተነበበ ቢሆን ደምቆ ነበር የሚታየው» አለች ቀስ ብላ። «ይኼ ተነብቧል።»

«እኔ አላነበብኩትም።»

«አውቃለሁ።» ጣቷን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደች፣ የተላከ ወደሚለው። አንድ መልእክት ብቻ ነበር። እሱን አላነበበችልኝም፤ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። በእንግሊዝኛ ነው፣ አጭር፣ ስሕተት የሌለበት፤ እኔ እንደዚያ አልጽፍም። ስለ ዕድሉ አመሰግናለሁ ይላል። በቤተሰብ ምክንያት መምጣት ስለማልፈልግ ቦታዬን ለሌላ ተማሪ ስጡልኝ ይላል። ከሥሩ ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም።

«ፓስወርድሽን ማን ያውቀዋል?»

«ማንም» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ ነው የገባኝ።

አሠሪዬ ሁለት ማንጎ ብላ ተጣራች። ተነሣሁና ሠራሁ። ስኳሩን ረስቼ ነው የሰጠሁት፤ ሰዎቹም እንደዚያው ጠጡት፣ ፊቴን አይተው ይሆናል።

ረቡዕ ጠዋት ትዕግሥት የተከራየችበት ክፍል ነበርኩ። ኢሜይሉ ግርጌ ስልክ ቁጥር ነበር። ደውይልኝ አልኳት፤ አንቺ አማርኛሽ የተስተካከለ ነው። ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጣ እጇን ኪሷ ከተተች። ስለዚህ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ አልተነሣም። በአራተኛው ጎርናና ድምፅ ያለው ሰውዬ አነሣ። ስሜን ስነግረው ፈልጎ አገኘኝ።

«አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ ይቅርብኝ ያልሽው?»

«እኔ አይደለሁም የጻፍኩት።»

«ከአንቺ አድራሻ ነው የመጣው እኮ። ማን ጻፈው ታዲያ?»

እናቴን ያህል የማምናት ሴት እንዴት ይባላል በስልክ? «ሰው» አልኩት።

ከኋላው ማኅተም ሲመታ ይሰማኛል። በመጨረሻ፣ ዝርዝሩ የሚዘጋው ዐርብ ነው፣ አሁኑኑ በዚያው አድራሻ ራስሽ ጻፊና ቅዳሜ ካርድሽን ይዘሽ ድረሺ አለኝ። ካርዱ ዋናው ካልሆነ አትምጪ አለ። ዘጋው።

ጻፊልኝ አልኳት ትዕግሥትን። «እኔ ከጻፍኩልሽ ከእሷ በምን እለያለሁ?» አለችኝ። አምስት መስመር ለመጻፍ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። እንግሊዝኛው አንካሳ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ «እኔ ነኝ፣ ትርሓስ» ብዬ በአማርኛ ጨመርኩበት። ተላከ። ከዚያ ፓስወርዱን ቀይሪ አለችኝና ተነሥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስክጨርስ ድረስ እንደተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ስታይ ቆየች። ሰው ፊቱን አዙሮልኝ አያውቅም ነበር፤ የእኔ የምለው ነገር እንዳለኝ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

በሚኒባስ ቁሓ ወረድኩ። እማ ለተብርሃን የፈተና ወረቀት እየተየበች ነበር።

«ካርዴን ስጪኝ» አልኳት።

«ለምንሽ?»

«ቅዳሜ ፈተና አለብኝ።»

ጣቶቿ ቆሙ። ሌላ ሰው ቢሆን ይዋሽ ነበር፤ እሷ ያን ጊዜ አልዋሸችም። «እናትሽ ናት ያስጻፈችኝ» አለች።

«በስሜ?»

«ስምሽን በሰማንያ ቀንሽ የተቀበልኩልሽ እኔ ነኝ።»

«ተቀብለሽ ሰጠሽኝ ወይስ አንቺ ጋ ቀረ?»

በሩን ዝጊው አለችኝ። አልዘጋሁትም። ከዚያ ብዙ ተናገረች፣ እኔ የምሰማው ግማሹን ነበር። አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ሜዳ ላይ ቢጥሉሽ ማን ያነሣሻል፣ አንዲት ማመልከቻ እንኳ ጽፈሽ አታውቂም አለችኝ።

«አንቺ ስለምትጽፊልኝ» አልኳት።

ካርዱን አልሰጠችኝም። አደራ የሰጠችኝ እናትሽ ናት፣ እሷ ትምጣ አለች።

እናቴ ቤት የደንብ ልብስ እየሰፋች ነበር፤ ገና ስታየኝ ነው ያወቀችው። እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አላነሣችም። ለምን አልኳት። የነገረችኝ የማላውቀው አይደለም። መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩ ተቆርጦ በነበረ ጊዜ ኮምቦልቻ ያለችው እናቷ ሞተች። እናቴ የሰማችው በስምንተኛው ወር ነው፤ ስምንት ወር ሙሉ ደኅና አቆይልኝ እያለች ስትጸልይላት የነበረችው ለሞተች ሴት ነው። «መንገዱ ዳግመኛ ሲዘጋ አንቺ ወዲያ ብትሆኚስ?» አለችኝ። «እኔ ዳግመኛ አልችልም፣ ትርሓስ።»

አዘንኩላት። ይህን ስጽፍም አዝንላታለሁ። ግን ልጠይቃት የሚገባኝ ነገር ነበር።

«ጧፉን ለምን አበራሽ?»

የምትሰፋውን ጨርቅ አዙራ መስፋቷን ቀጠለች።

«እማዬ፣ ያን እሑድ። አጠገቤ ቆመሽ። ደብዳቤው መጥቶ፣ መልሱ ሄዶ ነበር። ለምን ነበር ያበራሽው?»

«እንድትቀሪልኝ» አለች።

አንድ ጧፍ ሥር ቆመን እኔ ልሂድ ስል እሷ ትቅር ስትል ነበር። ከእኔ ጋር ነይና ካርዴን አሰጪኝ አልኳት፤ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

ከደብተሬ መሐል አንድ ሉክ ቀደድኩ። በሩ ላይ ተቀምጬ፣ በጉልበቴ ላይ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ጻፍኩ። ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር። ጉዳዩ፦ የውጤት ካርዴን ስለ መጠየቅ። የጻፍኩት ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው። ፈረምኩበት፤ ፊርማ ስላልነበረኝ ስሜን ነው የጻፍኩት።

ትምህርት ቤት ተመልሼ ስሰጠው ርእሰ መምህሩ ቆሞ አነበበው። ካርድሽ እዚህ ምን ይሠራል አለኝ ተገርሞ፤ ከዚያ «ይሰጣት» ብሎ መራበትና መዝገብ ቤት አስገቢው አለኝ። መዝገብ ቤት ማለት እማ ለተብርሃን ናት።

ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። አነበበችው፣ ከላይ እስከ ታች፣ የሰው ሁሉ ማመልከቻ እንደምታነበው። አንድ ቃል ላይ ብዕሯ ቆመ፤ ሳትነካው አለፈች።

«ቀን አልጻፍሽበትም» አለችኝ።

ቀኑን ጻፍኩ። ገቢ የሚለውን ማኅተም መታችበት፣ መዝገቡ ላይ ቁጥር ሰጠችው፣ ካንገቷ ቁልፉን አውጥታ ካቢኔቱን ከፈተች። ካርዱን ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም ወረቀቴን በአንድ ፌስታል ሰጠችኝ። እንደ ልጅዋ አላየችኝም፤ እንደ ባለጉዳይ «እዚህ ጋ ፈርሚ፣ ተረክቤያለሁ በይ» አለችኝ። ፈረምኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ዘንድሮ ዐሥራ ሁለተኛን የምትጨርሱ፣ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታችሁ በፊት ይህን ይህን ቻሉ የሚሏችሁን እኔም ሰምቻለሁ። ማስታወሻ መያዝ፣ ሰዓት ማክበር፣ እንግሊዝኛ። ጥሩ ነው። እኔ ግን የምለው ሌላ ነው፤ ወረቀታችሁ የት እንዳለ እወቁ። በስማችሁ የሚወጣውን ነገር ራሳችሁ ጻፉት፣ አንካሳም ይሁን። የሚወዳችሁ ሰው ሲጽፍላችሁ የሚጽፈው እሱ የሚፈልገውን ነው፤ ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ብዕሩ እሱ እጅ ስላለ ነው። አላዋቂነታችሁን ሰው እያሣቀ ሲነግራችሁ አብራችሁ አትሣቁ። እኔ አምስት ሳምንት ሣቅኩ።

ፈተናውን አልፌያለሁ፤ ይህን የምጽፈው ከዶርም ነው። እናቴ በየእሑዱ ትደውላለች፣ እመልስላታለሁ። እማ ለተብርሃንን እስካሁን አላናገርኳትም። ይቅር በያት የሚሉኝ አሉ። ስሜን ሰጥታ ስሜን የወሰደች ሴት እንዴት ይቅር እንደምትባል ገና አልተማርኩም። አዲሱን ፓስወርዴን ማንም አያውቀውም፤ የክርስትና ስሜንም ለእናንተ አልነግራችሁም።

ወደ ፈተናው የሄድኩበት ሐሙስ ገና ሲነጋ ነው። በዓፋር በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው አውቶቡስ ቁሓን አቋርጦ ስለሚያልፍ ከመንገዱ ዳር ቆሜ ጠበቅኩት። እናቴን ቤት ነበር የተሰናበትኳት፣ መሰናበት ከተባለ፤ በሩን ስከፍት ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። አውቶቡሱ ከላይ ብቅ ሲል ግን ነጠላዋን እየጎተተች ስትመጣ አየኋት። አጠገቤ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል። በእጇ ምንም አልያዘችም። ቦርሳዬን አየች፣ ፌስታሉን አየች።

«ኢሜይልሽስ?» አለችኝ በመጨረሻ። «እዚያው ለተብርሃን ጋ ቀርቶ፣ ሰው ቢነካውስ?»

አውቶቡሱ ቆመ። በሩ ተከፈተ።

«እኔ ጋ ነው ያለው፣ እማዬ» አልኳትና ገባሁ።